«40 ሰው እሺ አለኝ፣ 8ኛው ተራ ላይ የቀረነው 3 ነን»፦ ለህዋ ስትራቴጂ ጌም ተጫዋች እንዴት ይጋበዛል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቪጂኤ ፕላኔትስ የሚባለውን የህዋ ስትራቴጂ ጌም በአሳሽ (ብራውዘር) መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ከምጫወት ከራሳችን ልጆች ጋር ብጫወት ብዬ ሦስት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግብዣ ለጠፍኩ። 40 ሰው እሺ አለኝ። ጌሙ ተጫዋች የሚመርጣቸው 11 ዘሮች (የህዋ ሕዝቦች) ስላሉት ቀድመው የመጡትን 10 መዝግቤ ከእኔ ጋር 11 ሆንን። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያሉ ናቸው። አሁን 8ኛው ተራ ላይ ነን፣ የቀረነው 3 ብቻ ነን። ሁላችንም አንድ ሰዓት ላይ ኦንላይን መሆን ስላልቻልን ነው? ወይስ ግብዣዬ ነው የተበላሸው? እንደገና ልሞክር ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ እንደገና ሞክር። በዚያው መንገድ ግን አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ጌማችሁ የሞተው አንድ ሰዓት ላይ ኦንላይን ስላልተገናኛችሁ አይደለም። ቪጂኤ ፕላኔትስ ይህን ከማንም አይጠይቅም። ሰው በሚመቸው ሰዓት ይገባል፣ ሌሊትም ይሁን ምሳ ሰዓት። ለመንኮራኩሮቹ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ፕላኔቶቹ ላይ ግብር ይጥላል፣ ማዕድን ያስቆፍራል፣ ከዚያ ይወጣል። የተቆረጠው ሰዓት ሲደርስ ሆስቱ፣ ማለትም ጌሙን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ የሁሉንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ያስኬደዋል። ቲም ዊስማን በፈረንጆቹ 1992 ጌሙን ካወጣው ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ነው። ያኔ ሆስቱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የውጤት ፋይል ይልክ ነበር፣ ተጫዋቹ ደግሞ የትእዛዝ ፋይሉን ይመልሳል። ዛሬ አሳሹ ላይ የምትጫነው ቁልፍ የተካው ያንን ምልልስ ነው። ስለዚህ የሰዓት ልዩነቱ ጠላትህ አይደለም። እንደ እኛ በየአገሩ ለተበተነ ሕዝብ ከዚህ የሚስማማ የጌም ዓይነት አላውቅም።

ችግሩ ግብዣው ላይ ነው። ጽሑፉን አብረህ ስለላክልኝ አየሁት። «ጋላክሲውን የሚገዛው ማነው? ጦርነት፣ ፍንዳታ፣ ክህደት! ሊንኩን ተጫንና ግባ!» ይላል። ስለ ፍንዳታው ነግረሃቸዋል። ስለ ጊዜው ግን አንድ ቃል የለበትም።

እስቲ አብረን እናስላ። ጌሙን በሳምንት 3 ተራ እንዲሄድ አድርገህ ከፍተኸዋል። እንዲህ ያለ ሰፊ ጌም 100 ተራ ቢሄድ አይገርምም። 100ን ለ3 ስታካፍለው 33 ሳምንት ነው። ስምንት ወር ገደማ ማለት ነው። የመጀመሪያው ተራ 10 ደቂቃ ይፈጃል። 50ኛው ተራ ላይ ብዙ ፕላኔትና ብዙ መንኮራኩር ሲኖርህ አንድ ሰዓትም ይፈጃል። አንተ ይህን በሁለት ዓመት ልምድህ ታውቀዋለህ፣ እነሱ ግን አያውቁም። አንድ ምሽት የሚያዝናና ነገር መስሏቸው የገቡ ሰዎች የስምንት ወር ግዴታ ውስጥ ራሳቸውን አገኙት። ሲገባቸው ወጡ። አልቀየምባቸውም፣ አንተም አትቀየም።

«እሺ»ም በትክክል መነበብ አለበት። በእኛ አገር እሺ ብዙ ጊዜ «አክብሬሃለሁ፣ ፊትህን አላሳፍርም» ማለት ነው። በተለይ ግሩፕ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ «አልችልም» የሚል ጥቂት ነው። ታላቅህ ከሆነ «እናያለን» ይላል፣ ታናሽህ ከሆነ «እሺ ወንድሜ» ይላል፣ ሁለቱም ላይመጡ ይችላሉ። ስለዚህ 40 እሺ ቆጥረህ 40 ተጫዋች አለኝ አትበል። እኔ ለዓመታት እንዲህ ያለ ጌም ሆስት ሳደርግ የምቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው የሙከራ ተራ ልኳል ወይስ አልላከም? ጌሙ ከመከፈቱ በፊት አካውንት ከፍቶ፣ ትንሽ የልምምድ ጌም ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ተራ በራሱ እጅ ጨርሶ የላከ ሰው ተጫዋች ነው። ያልላከው ገና ተጋባዥ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሲወጣ የሚሆነውን ላሳይህ፣ ምክንያቱም ከ11 ወደ 3 የወረዳችሁት ስምንቱ ስምንት የተለያየ ምክንያት ስለነበራቸው አይደለም። አንድ ሰው ተራ ማስገባት ያቆማል። መንኮራኩሮቹ አዲስ ትእዛዝ አጥተው ይቆማሉ፣ ፕላኔቶቹ ዝም ይላሉ። አጠገቡ ያለው ተጫዋች ይህን ያያል፣ ብዙ ሳይዋጋ ገብቶ ይሰበስባቸዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሩ እጥፍ ይሆናል። ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፣ ጎረቤቱ ስለጠፋ ነው። ሦስተኛው ተጫዋች ካርታውን ሲያይ «ይሄንን ሰውዬ ማን ሊችለው?» ይላልና ተራ ማስገባቱ ይሰለቸዋል። እሱም ሲወጣ መሬቱ ለሌላ ሰው ይሆናል። ውሉ እንደተፈታ ሹራብ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም። ከሁሉ የከፋው የመጀመሪያው ሰው መጥፋት ነው። አንተም መከላከል ያለብህ እሱን ነው።

11 ዘር ስላለ 11 ሰው ያስፈልጋል ያልከውም ስህተት ነው። ዘሮቹ ምርጫ ናቸው፣ ወንበር አይደሉም። ለአምስት ሰው ትንሽ ካርታ ስትከፍት ጎረቤቶች ቶሎ ይተዋወቃሉ፣ ፍጥጫው ቶሎ ይመጣል፣ ጌሙም በጊዜው ያልቃል። ባለ 500 ፕላኔቱ ካርታ ላይ 11 ሰው የሚጫወተው ጌም ለለመዱ ሰዎች ነው።

እንዲህ ያለ ጌም ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። ፍላይንግ ቡፋሎ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ስታርዌብ የተባለውን የህዋ ጌም ከፈረንጆቹ 1976 ጀምሮ በፖስታ ያጫውት ነበር። 15 ተጫዋች ትእዛዙን በደብዳቤ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ያስኬደዋል፣ ውጤቱ በፖስታ ይመለሳል። ተጫዋቹ በየተራው ይከፍል ስለነበር ዝም ብሎ መጥፋት ኪሱን ይነካዋል። የቪጂኤ ፕላኔትስ የመጀመሪያ ተጫዋቾችም ብዙዎቹ በስልክ መስመር በሚደወልባቸው የሰፈር ቢቢኤሶች (የመልእክትና የፋይል መለዋወጫ ኮምፒውተሮች) የሚገናኙ፣ የአንድ ከተማ ሰዎች ነበሩ። በአንዱ ቦታ ሰውን የያዘው ገንዘብ ነው፣ በሌላው ትውውቅ ነው። ያንተ ሊንክ ሁለቱም አልነበሩትም።

እቁብ እንዴት እንደሚሰበሰብ አስብ። ማንም እቁብ የሚሰበስብ ሰው ሦስት ግሩፕ ላይ «የፈለገ ይግባ» ብሎ አይለጥፍም። ሰው በሰው ይመጣል። ቀኑ ይታወቃል፣ ስንት ሳምንት እንደሚሄድ ይታወቃል፣ ዳኛው ይታወቃል፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ተወስኗል። የምትጋብዘው ወደዚህ ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ በውስጥ መስመር፣ አንድ በአንድ፣ በስሙ ጠርተህ ጠይቅ። «አልችልም» ለማለት መውጫ ስጠው። «ለአራት ወር በሳምንት ሁለት ምሽት ግማሽ ሰዓት ትችላለህ? ካልቻልክ ምንም አይደል፣ አሁን ብትነግረኝ ይሻለኛል» በለው። ይህን ተጠይቆ እሺ ያለ ሰው እሺው ሌላ ነው።

ሰዓት ላይ ረጋ እንበል፣ እዚህ ላይ ብዙ ጌም ሲበላሽ አይቻለሁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር የደረሰብኝን ልንገርህ። «ተራ የሚዘጋው ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ያሉት ገባቸው። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወዳጄ ልጅ ሆኖ ነው የሄደው፣ 3 ሰዓትን በፈረንጅ ቆጠራ፣ ያውም በራሱ ሰዓት ወሰደው። ከሥራ እረፍት ወስዶ ትእዛዙን ሲልክ ተራው ከተዘጋ አንድ ሰዓት አልፎታል። ያን ቀን ነዳጅ የጫነች ትልቅ መንኮራኩሩ ሳትታዘዝ ቀረች፣ ጠላት ደርሶ ወሰዳት። ሁለት ተራ ቆይቶ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓት የምጽፈው በየከተማው ነው፦ አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት፣ በስልክ ሰዓት 21:00። ዱባይ 22:00። ቴል አቪቭ በክረምታቸው 20:00፣ በበጋቸው 21:00። ዋሽንግተን በክረምታቸው 13:00፣ በበጋቸው 14:00። አሜሪካና እስራኤል በዓመት ሁለቴ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛና ዱባይ አንቀይርም። የሚቀየርበት ሳምንት ላይ ለሁሉም አስታውስ። ቀኑንም በሁለቱም የቀን አቆጣጠር ጻፈው።

ጀማሪ ከጋበዝክ ግብዣው ሊንኩን በመላክ አያልቅም። የጀማሪ ሞት የሚጀምረው ከነዳጅ ነው። ኒውትሮኒየም የተባለው ነዳጅ የሌላት መንኮራኩር ህዋ መሃል ትቀራለች። ጀማሪው ርካሹን ሞተር ይገጥምና ፍጥነቱን ዋርፕ 9 ላይ፣ ማለትም ከፍተኛው ላይ፣ ያደርገዋል፣ ቶሎ ልድረስ ብሎ። ሞተሩ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም፣ ነዳጁን ይጨርሰዋል። በ5ኛው ተራ ላይ ትልቋ ጭነት መኪናው፣ ማለትም ቅኝ ገዢዎቹንና ገንዘቡን የተሸከመችው መንኮራኩር፣ በሁለት ፕላኔት መካከል ቆማለች። ምን እንዳጠፋ አይገባውም። የሚያውቀው ጌሙ እንደማይሠራለት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተራዎች ስክሪን እያጋራህ አብረኸው ቁጭ በል። ሰዎች የሚቀሩት በዚያ አንድ ሰዓት ነው እንጂ በግብዣው ውበት አይደለም። ዘር ሲመርጥም እርዳው። ነዳጅ በመዝረፍ የሚታወቁትን ፕራይቬቲሮች ለጀማሪ አትስጥ፣ የጀማሪ ጎረቤትም አታድርጋቸው። ተደብቆ የመጣ ሰው ነዳጁን ቀድቶ ሲሄድበት «ይሄ ምን ዓይነት ጌም ነው» ብሎ የሚዘጋ ብዙ ነው። ሊዛርዶቹ ውጊያ ላይ ከሌሎቹ ዘሮች የበዛ ጉዳት ስለሚችሉ ስህተትን ይቅር ይላሉ፣ እነሱን ስጠው።

ጌሙን ራሱን መቀየርም አማራጭ ነው። ፍሪኦሪየን ነፃና ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ በኮምፒውተር የሚመሩ ተቃዋሚዎችንም መጨመር ትችላለህ። ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስሪት መጫን አለበት፣ ሰርቨር የሚከፍት ሰውም ያስፈልጋል። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ሆነህ ሰርቨር ልክፈት ብትል ብዙ ጊዜ አይሳካልህም፣ ውጭ ያለው ጓደኛህ ይክፈተው። በፈረንጆቹ 1995 የወጣው ስታርስ የራስህን ዘር ከባዶ የምትሠራበት ድንቅ ጌም ነው፣ ግን ለድሮ ዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳቱ ለጀማሪ ፈተና ነው። ኔፕቱንስ ፕራይድ ሕጉ ጥቂት ነው፣ በአንድ ምሽት ይለመዳል፣ ውጊያው ግን ካርታው ላይ ሳይሆን መልእክት ላይ ነው። ሰዎችህ ጨርሶ ጀማሪ ከሆኑ ከእሱ መጀመር አያሳፍርም። አንተ ግን የምታውቀውና የምታስተምረው ቪጂኤ ፕላኔትስን ስለሆነ እሱን አትልቀቀው። አንድ ገደብ አለው፦ ስልክ ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ካርታው ይታክተዋል። ላፕቶፕ የማያገኝ ሰው ለዚህኛው ዙር አትጋብዝ።

ክህደትን ግብዣህ ላይ እንደ ማጣፈጫ ጨምረኸዋል። ከባድ ነገር መሆኑን ግን ልንገርህ። እዚህ ጌም ውስጥ ሰው ውል ይፈርማል፣ ውል ያፈርሳል። ለሦስት ወር አብሮህ ሲያሴር የከረመ ጓደኛ አንድ ሐሙስ ማታ ዋና ጣቢያህን ይወስደዋል። ይህን እንደ ጌም የሚወስድ ሰው አለ፣ የማይወስድም አለ። በመካከላቸው የገንዘብ ወይም የቤተሰብ ቅሬታ ያለ ሁለት ሰዎችን አንድ ጌም ውስጥ አታስገባ። አለቃህንም አትጋብዝ። እሱን ማጥቃት ትፈራለህ፣ ሌሎቹም የምትፈራውን ያያሉ።

ሆስቱን የምታስተዳድረው አንተ ከሆንክና አንተው የምትጫወት ከሆነ ሕጉን ከመጀመሪያው በጽሑፍ አስቀምጥ። የማራዘም ውሳኔ ላንተ የጠቀመ ከመሰለ ጥርጣሬ ይገባል። የሚሻለው የማይጫወት ዳኛ ማግኘት ነው። አሳሹ ላይ ነፃውና የሚከፈልበት አካውንት የሚፈቅዱት እኩል ስላልሆነ፣ ከመጋበዝህ በፊት የመረጥከው ጌም ክፍያ ይጠይቅ እንደሆነ አረጋግጥ። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ መክፈል እንደምታውቀው ቀላል አይደለም፣ ከተጋበዙት አንዱን ባለቀ ሰዓት «እስቲ ክፈልልኝ» ማለት ያሳፍራል። የድሮ ጌም ነው ተብሎ ግሩፕ ውስጥ የሚዞር የሚጫን ፋይልም ለማንም አትላክ። ቫይረስ ይዞ ከተገኘ ስምህ ነው የሚጠፋው። በሁለት አካውንት የሚጫወት ሰው ካገኘህ ወዲያው አስወጣው፣ ጓደኛህም ቢሆን።

እንግዲህ የምመክርህ ይህ ነው። አምስት ተጫዋች፣ አንድ ተጠባባቂ፣ ትንሽ ካርታ፣ በሳምንት ሁለት ተራ፣ ሰኞና ሐሙስ። 30ኛው ተራ ላይ ብዙ ፕላኔት የያዘ ያሸንፋል፣ ጌሙ ያኔ ያበቃል። ይህ 15 ሳምንት ነው። ጥቅምት 10 አካባቢ ጀምር። የገናንና የጥምቀትን ሳምንት ዝለል፣ ያኔ ተራ የሚልክ ሰው አታገኝም። እስከ የካቲት 10 ያልቃል። እያንዳንዱ ሰው መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋበት ሁለት ጊዜ የአንድ ቀን ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል፣ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። አንድ ተራ ያለ ምንም ቃል ያመለጠው ሰው በማግስቱ ይደወልለት። አትጻፍለት፣ ደውልለት። ሁለተኛ ተራ ካመለጠው ተጠባባቂው ያለ ክርክር ቦታውን ይይዛል። ተጠባባቂው ከመጀመሪያው ጀምሮ ግሩፑ ውስጥ ይሁን፣ የሚመጣው ባዶ አገር ለመረከብ አይሁን።

ግብዣውንም እንዲህ ጻፈው፦ «ሰላም፣ የህዋ ስትራቴጂ ጌም ልንጀምር ነው፣ አምስት ሰው ነን። ኦንላይን መገናኘት አያስፈልግም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ፣ ከጥቅምት 10 እስከ የካቲት 10። ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ካልተጫወትክ አስተምርሃለሁ። ውል ማፍረስ የጌሙ አካል ነው፣ ከጌሙ ውጭ ግን ወዳጅ ነን። እስከ እሑድ አስብበትና አልችልም ካልክም ንገረኝ።» ለስምንት ሰው ላከው። ስምንቱም አይመጡም፣ አያስፈልጉህምም።

አሁን የቀራችሁትን ጌም ደግሞ ዝጋው። የስምንት ሰው ባዶ መሬት መከፋፈል ጨዋታ አይደለም። ሁለቱን ሰዎች ዛሬ ማታ ደውልላቸው። ሁሉም ሲወጣ ስምንት ተራ ሙሉ የላኩ ናቸው፣ ከዚህ የተሻለ ዋስ አታገኝም። ከአንተ ጋር ሦስት ናችሁ፣ የጎደላችሁ ሁለት ሰውና አንድ ተጠባባቂ ነው።